ሻኛ

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት፣ ኮዬ ፈጬ፣ ብሎክ ሰማንያ ሁለት፣
የኮሙናሉ ቤት፤
መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ በሩ በሽቦ የሚታሰርበት።
ስምንት ሴቶች ዕቁባችንን ልንጥል ተሰብስበናል።
ብር አይደለም፤ ብሩንማ ኪራይና ታክሲ ይበላዋል።
እኛ የምንጥለው አሻንጉሊት ነው፤
አውራ ጣት የሚያህል፣ በኪሮሽ የተሠራ፣
ሆዱ በአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ የተወጠረ።

ሐዋ ዶሮ አመጣች፣ ሦስት ጫጩት አስከትላ፣
ከሽምብራ አይበልጡም፤ እንዴት እንደሠራቻቸው እንጃላት።
የለተብርሃን ግመል አንገቱ አልቆም አለ፣
«ደክሞት ነው» አለች፣ «ከመገናኛ ድረስ በባስ ቆሞ መጥቶ።»
ዝማምነሽ ጥንቸል፤ ሁልጊዜ ጥንቸል፤ ሌላ አታውቅም፣
እኛም ለምደነዋል፤ ሌላ ብታመጣ ደስ አይለንም።
እኔ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ሠራሁ፤
ከካዛንቺስ የመጣሁ ነኝ፣ ከእሱ ሌላ እንስሳ በቅርብ አላየሁ።

ዲንቂቱ መጨረሻ ገባች።
ጥቁር በሬ አቆመች ከጠረጴዛው ጠርዝ ላይ፣
አንድ ቀንዱ ወደ ምድር፣ አንዱ ወደ ሰማይ፣
ግንባሩ ላይ ነጭ ነጥብ።
«ቦራ ነው» አለች። «ቦራ ነበር ስሙ።
ያ የሊፍቱ ጉድጓድ አለ አይደል፣ ሊፍት ያልገባለት?
እዚያ ጋ ሲደርስ ነበር የሚዞረው፤
ከዚያ ወዲያ ድንጋይ ነው፣ ማረሻ ይሰብራል።»
ማንም ምንም አላለም።
ሐዋ የጫጩቶቿን ሰልፍ አስተካከለች።

ዕጣውን በቲማቲም ጣሳ ናጥነው፣
ደረጃ ላይ የሚጫወት ሕፃን ጠርተን አስወጣነው።
«ብርነሽ።»
ስምንቱም የእኔ ሆኑ፤ ዶሮው፣ ግመሉ፣ የራሴው ሚኒባስ፣
ቦራም።

ደረጃው ላይ ደረስኩባት። «ዲንቂቱ፣ ይሄንን እንኳ ውሰጂው።»
«የዕቁብ በሬ አይመለስም» አለች ሳትዞር፣
«ደግሞ ጭድ እንዳትገዢለት። ጭድ ተወዷል።»

ውሃ የሚመጣው ሌሊት ነው።
በርሜሉ ሥር ቁጭ ብዬ ስጠብቅ፣
ቦራን መስኮቱ ላይ አቆምኩት፣ ፊቱን ወደ የረር።
ስለ እርሻ የማውቀው የለኝም፤ ግን
ብቻውን የሚያርስ በሬ ሰምቼ አላውቅም።

ቀዩን ሹራቤን ተረተርኩት፣ የካዛንቺሱን፣
ክርኑ የሳሳውን፣ ጎረቤቶቼን የተሰናበትኩበትን።
ክሩ አልቃና አለ፣ ሹራብነቱን አልረሳም ብሎ፤
ነክሬ ድንጋይ አንጠለጠልኩበት፣ ላላ አድሮ ውሎ።
ስድስት ዓይን ጀመርኩ፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ስምንት፤
በባስ ወረፋ፣ በውሃ ወረፋ፣ በወረዳ ወረፋ፣
ቀንዱ ጆሮ እየመሰለኝ ሠርቼ ሳፈርስ፣ ክሩ እስኪለፋ።

ቅዳሜ ከቦራ ጎን አቆምኩት።
«ውሻ ነው?» አለች ሐዋ።
«ቀበሮ ነው እንጂ! ዶሮሽን ሰብስቢ» አለች ለተብርሃን።
«ጥንቸል ይመስላል» አለች ዝማምነሽ፣ ደስ ብሏት።
እንባችን እስኪመጣ ሳቅን።

ዲንቂቱ አልሳቀችም።
አነሣችው፤ ገበያ እንደወጣ ገዢ አገላብጣ አየችው፣
ወገቡን ዳበሰች፣ ጥርሱን ልትቆጥር ይመስል አፉን ነካችው።
«ሻኛው የታለ?»
«ሻኛ?»
«ቀንበሩ ምን ሊደገፍ ነው ታዲያ፣ አንቺ የከተማ ሰው!»
ኪሮሿን ከፀጉሯ መዘዘች፤
የተረፈውን ቀይ ክር ከእጄ ወሰደች፣
ሳታይ፣ በጣቷ ብቻ፤ ዓይኗ በመስኮቱ ውጭ ነው፣
ከጉድጓዱ ወዲያ።
ሻኛ አወጣችለት፣ ትንሽ፣ የሽምብራ ታህል።

ሐዋ የክብሪት እንጨት አቀበለቻት፣ ለቀንበር።
ዲንቂቱ እንጨቱን ተቀብላ አየችው፣
ወደ ቀሚሷ ኪስ ከተተችው።
«ገና ነው» አለች። «ይሄ ወይፈን ነው።
እስኪገራ ድረስ
ከቦራ ጎን ይዋል።»